ሎኮሞቲቩን ሀዲዱ ላይ ሳስቀምጠው ትራንስፎርመሩ ይጠፋል፤ ዓርብ ሳይደርስ እርዱኝ

የጦሳ ልጅ፣ ደሴ (ማክሰኞ ማታ 2፡15)
ሰላም ለሁላችሁ። ቸኩያለሁ፣ ይቅርታ። በኢንተርኔት ጨረታ ያሸነፍኩት የሞዴል ባቡር ሎኮሞቲቭ (ፉርጎዎቹን የሚጎትተው) ዛሬ ከጀርመን ገባልኝ። ተጫርታ የከፈለችልኝ ፍራንክፈርት ያለችው እህቴ ናት። የሰፈራችን ሰው ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ሀዲዱ ላይ ሳስቀምጠው የትራንስፎርመሩ መብራት ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሳነሳው ተመልሶ ይበራል። ባቡሩ ንቅንቅ አላለም። ሻጩ ግን «ተሞክሯል፣ ይሠራል» ብሎ ነው የሸጠው። 68 ዩሮ ወጥቶበታል። ይዞልኝ የመጣው ሰው ዓርብ ይመለሳል። ተጭበርብሬ ከሆነ በሱ እጅ ልመልሰው። ልጄ አልተኛም ብሎ ከጎኔ ቁጭ ብሏል። ምን ላድርግ?

ቦርከና፣ ኮምቦልቻ (2፡24)
አብሽር ወንድሜ። ጥጥ በአልኮል ነክረህ ጎማዎቹን አጽዳ። ሀዲዱንም አብረህ ጥረገው። ሳጥን ውስጥ የከረመ ባቡር ዘይቱ ይደርቃል። የኔም እንዲህ ቆሞ በአልኮል ነው የተነሳው።

ለገሀር ያደገው፣ ድሬዳዋ (2፡47)
የኔ ልጅ፣ እንኳን ደረሰልህ። እኔ የባቡር ፉጨት እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ከመሠረቱ ልጀምርልህ። ሞዴል ባቡር የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ልኬት ይወቅ። ኤች ኦ የሚባለው ልኬት እውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ አንሶ ነው። እናንተ ጋ በኮምቦልቻ በኩል የተነጠፈው ሀዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሊሜትር ነው። ለ87 አካፍለው፣ 16.5 ሚሊሜትር ይመጣልሃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 አዲስ አበባ የገባው የኛ የድሮው ባቡር ግን ሀዲዱ አንድ ሜትር ነበር። እሱን በዚሁ ልኬት የሚሠራ ሰው 12 ሚሊሜትር ሀዲድ ነው የሚፈልገው። ፎቶውን አይቶ «ያምራል» ብሎ የሚጫረት ሰው ይህን ሁሉ አያይም።

ጨረታም ላይ ምክር ልጨምርልህ። ሰው እልህ ይይዘዋል። 40 ዩሮ የማያወጣውን እቃ ሌላ ተጫራች አየሁ ብሎ 70 ያደርሰዋል። የመጨረሻ ዋጋህን ቀድመህ ወስን፣ እሱን አስገባና ከስልኩ ተነስ። ሌላ ሰው ሲጨምር ሲስተሙ ራሱ እስከ ወሰንከው ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምርልሃል።

የጦሳ ልጅ፣ ደሴ (2፡55)
ጋሼ አመሰግናለሁ። ልኬቱ ግን ልክ ነው፣ ጎማው ሀዲዱ ላይ ገጥሞ ተቀምጧል። በአልኮልም ጠርጌዋለሁ። ያው ነው። ሻጩ ላይ ምን ላድርግ ነው ያልኩት።

ሐይቅ ዳር (3፡02)
ወንድሜ፣ ሻጩ አጭበርባሪ ነው ለማለት ቸኩለሃል። ሰውየው ቤቱ ሞክሮ ሠርቶለት ሊሆን ይችላል። የማን ሥራ ነው? ቁጥሩ ስንት ይላል? አንተ ጋ ያለው ሀዲድና ትራንስፎርመር የየት ነው? ማስታወቂያውን ቃል በቃል ጻፈው።

ሰኞ ገበያ፣ ደሴ (3፡05)
የኮምቦልቻው ሀዲድ ባቡር ይጠብቃል፣ ያንተ ባቡር ሀዲድ ይጠብቃል። አገናኟቸው!

ቦርከና፣ ኮምቦልቻ (3፡09)
😂 ያ እንኳ ስንት ዓመታችን። ለማንኛውም አልኮሉን ደግመህ ሞክር፣ አንዴ አይበቃውም።

የጦሳ ልጅ፣ ደሴ (3፡20)
ሜርክሊን ነው። ሳጥኑ ላይ 3000 ይላል። ጥቁር ትንሽ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ነው። ሀዲዱና ትራንስፎርመሩ አጎቴ ድሮ ከእንግሊዝ ያመጣው የሆርንቢ ነው፣ በሱ ፉርጎዎችና በሱ ሎኮሞቲቭ እስካሁን እንጫወት ነበር። ሞተሩ ተቃጥሎ ነው ይሄን የገዛሁት። ማስታወቂያው በጀርመንኛ ነው። እህቴ ያነበበችልኝ «ኤች ኦ፣ ቬክሰልሽትሮም፣ ተሞክሯል፣ የግል ሽያጭ» ነው።

ፒያሳ ሰዓት ጠጋኝ፣ ደሴ (3፡26)
ገልብጠው። ከሆዱ ስር እንደ ማንኪያ እጀታ ረዘም ያለ የብረት ምላስ አለው?

የጦሳ ልጅ፣ ደሴ (3፡28)
አዎ አለ። ወደ ታች ይጫናል፣ ስለቀው ይመለሳል። ለምንድን ነው?

እመ ብዙኃን፣ ወልዲያ (3፡33)
የኔ ወንድም ለልጁ አንድ ከቻይና የመጣ በባትሪ የሚሄድ ባቡር ግዛለትና ተኛ። ለልጅ 68 ዩሮ ባቡር ምን ያደርጋል? በዚህ ብር ስንት ነገር ይገዛ ነበር።

ሐይቅ ዳር (3፡41)
እህቴ፣ ሰው የወደደውን ነው የጠየቀው፣ እሱን እንርዳው።

የጦሳ ልጅ፣ ችግሩ ታውቋል። ቬክሰልሽትሮም ማለት ኤሲ፣ አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ማለት ነው። አጎትህ ያመጣው ሆርንቢ በዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚሄድ ኤሌክትሪክ፣ በ12 ቮልት ነው የሚሠራው። ልዩነቱ ግን የኤሌክትሪኩ ዓይነት ብቻ አይደለም። በሆርንቢ ሀዲድ ላይ የግራው ብረት አንዱን ጫፍ ይይዛል፣ የቀኙ ሌላውን። ስለዚህ የግራና የቀኝ ጎማዎች እንዳይገናኙ መሃላቸው በፕላስቲክ ይለያል። የሜርክሊን ኤሲ ሥርዓት ሌላ ነው። በሀዲዱ መሃል የተደረደሩ ትናንሽ ነጥብ ብረቶች አሉ። ሰዓት ጠጋኙ የጠየቀህ ምላስ እነሱን እየነካ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ሁለቱም የጎን ሀዲዶች አንድ መመለሻ ናቸው። ስለዚህ የግራና የቀኝ ጎማዎቹን መለየት አላስፈለገውም፤ የተያያዙ ናቸው። አንተ ሀዲድ ላይ ስታስቀምጠው ሁለቱን ጫፎች በብረት አገናኘህ ማለት ነው። ሾርት አደረገ። ትራንስፎርመርህ ራሱን ለማዳን ጠፋ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጠፋልህ። ደግመህ አታስቀምጠው።

ሁለቱም ኤች ኦ ስፋት፣ 16.5 ሚሊሜትር ናቸው። ለዚያ ነው ገጥሞ የተቀመጠው፣ ያሳሳተህም እሱ ነው። ሻጩ አልዋሸም።

ፒያሳ ሰዓት ጠጋኝ፣ ደሴ (3፡50)
ቴስተር ካለህ ድምፅ በሚሰጠው ላይ አድርገህ አንዱን ሽቦ የግራ ጎማ፣ ሌላውን የቀኝ ጎማ አስነካ። ከጮኸ ነገሩ እሱ ነው። ቀጥሎ ሎኮሞቲቩን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠህ አስተኛው። ከትራንስፎርመርህ የሚወጡትን ሁለት ሽቦዎች፣ አንዱን ምላሱ ላይ፣ አንዱን ጎማው ላይ። ከዝቅተኛው ጀምረህ ቀስ እያልክ ጨምር። የዚያ ዘመን ሞተር በኤሲም በዲሲም ይዞራል። ሳጥኑ ላይ «ዲጂታል» የሚል ካለ ግን ይህን አታድርግ።

የጦሳ ልጅ፣ ደሴ (4፡08)
ከጎረቤት ቴስተር አምጥቼ ሞከርኩ። ጮኸ! ዲጂታል የሚል የለውም። ሽቦውን ላስነካ ስል መብራት ሄደ። እየጠበቅኩ ነው።

እስከዚያ አንድ ጥያቄ፦ ጎማውን ቀይሬ ለኔ ሀዲድ እንዲሆን ማድረግ አልችልም? ወይስ ዓርብ ልመልሰው?

ለገሀር ያደገው፣ ድሬዳዋ (4፡15)
ጎማውን አትንካ የኔ ልጅ። ጎማ ብቻ አይበቃም፤ ኤሌክትሪክ የሚወስድበት መንገድ ሁሉ መቀየር አለበት። የድሮ ባቡር ደግሞ ከተነካካ ዋጋው ይወርዳል። ሜርክሊን በ1859 ጎፒንገን የተመሠረተ ቤት ነው። ሰብሳቢዎቹ ሳጥኑ ሳይቀር ኦርጅናል መሆኑን ያያሉ። 3000 ቁጥር ብዙ የተመረተ ስለሆነ ብርቅ አይደለም። በጎ ጎኑ መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል።

ሐይቅ ዳር (4፡22)
መመለሱን እርሳው። ጀርመን ውስጥ ሻጩ ነጋዴ ከሆነ ገዢው እቃው እጁ ከገባ ጀምሮ 14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ ይችላል። የግል ሽያጭ ላይ ይህ የለም። ማስታወቂያው «የግል ሽያጭ» ይላል። ቀኑም ቢሆን የሚቆጠረው እህትህ ከተቀበለችበት ነው፣ ደሴ ከገባበት አይደለም።

ያሉህ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ዓርብ ለሚሄደው ሰው ስጠውና እህትህ እዚያው መልሳ ለጨረታ ታቅርበው። ስትሸጥ ከሆዱ ስር ያለውን ምላስ ፎቶ ታንሳ። እየዞረ ያለበትን አጭር ቪዲዮ አንተ ቀርጸህ ላክላት። ጨረታው እሁድ ማታ በነሱ ሰዓት እንዲዘጋ ታድርግ፣ ሰው ቤቱ ነው። በምትኩ ስትገዛ ደግሞ «ግላይሽሽትሮም» የሚል ትፈልግ፣ እሱ ዲሲ ነው። ሁለተኛው፣ ሎኮሞቲቩን አስቀምጠህ ሀዲድ ግዛ። የድሮው የሜርክሊን የቆርቆሮ ሀዲድ በጨረታ በጥቅል ይሸጣል፣ ውድ አይደለም። ክብደቱ ግን ሻንጣ ይበላል።

ፒያሳ ሰዓት ጠጋኝ፣ ደሴ (4፡30)
ሁለተኛውን ከመረጥክ ለሱ የምትገዛውን የኤሲ ትራንስፎርመር ተጠንቀቅ። ከጀርመን ይምጣ፣ የነሱ ሶኬት ከኛ ጋር ይቀራረባል። ከአሜሪካ የመጣ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ ስትሰካው ይቃጠላል። ገመዱ የተሰነጠቀ የድሮ ትራንስፎርመር ልጅ ባለበት ቤት አይገባም። ሱቅ አምጣው፣ ገመዱን እቀይርልሃለሁ። ጨረታ ላይ «ያልተሞከረ» ብሎ የጻፈ ሻጭ ካየህ ደግሞ የተበላሸ ነው ብለህ ዋጋ ስጥ።

ሰኞ ገበያ፣ ደሴ (4፡34)
የኛ ሰፈር መብራት መጥቷል። ያንተስ? ዞረ?

ቦርከና፣ ኮምቦልቻ (ረቡዕ ጠዋት 1፡10)
እኔም ልጠይቅ፤ የተቃጠለው የሆርንቢ ሞተር አልተጣለም አይደል? ፉርጎዎቹንስ ትሸጣቸዋለህ? ሀዲዱ የኔ ዓይነት ነው።

ፒያሳ ሰዓት ጠጋኝ፣ ደሴ (ረቡዕ ጠዋት 3፡45)
ቦርከና፣ ቆይ አትግዛው። የተቃጠለ ያለው ካርቦኑ (ለሚዞረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው) ያለቀ ሊሆን ይችላል። የጦሳ ልጅ፣ ሱቅ ስትመጣ የድሮውን ሎኮሞቲቭም ይዘኸው ና።

እመ ብዙኃን፣ ወልዲያ (ሐሙስ ማታ 1፡20)
ነገ ዓርብ ነው። ልጁ ባቡሩ ሲሄድ አየ?