የቡድን ገንዘብ ቢራ አይግዛ፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ላይ ውይይት

ጸሐፊ (ከፒያሳ)
ጤና ይስጥልኝ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። የጎንደር የጤና ስፖርት ቡድኖች በጋራ የምናስገባው ፕሮፖዛል የመጀመሪያ ረቂቅ «በቡድኖቻችን አልኮል ፈጽሞ የተከለከለ ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። እሁድ ጠዋት ተጫውተን ላባችን ሳይደርቅ ድራፍት ቤት የምንገባ ሰዎች ነን። ይህን ብንፈርም በሳምንቱ እናፈርሰዋለን።

እኔን የሚከነክነኝ ቡድኑ ራሱ አጠጪ መሆኑ ነው። ያረፈደ ይቀጣል፣ ቅጣቱ ቢራ ይሆናል። የተሸነፈ ያጠጣል። ዋንጫ ከተገኘ ደግሞ መዋጮው ሁሉ እዚያው ያልቃል። ስለዚህ በዚህ እንጀምር፦ «ቅጣትም ሆነ መዋጮ፣ የቡድን ገንዘብ አልኮል አይገዛበትም።»

ሂሳብ ያዥ (ከማራኪ)
እደግፋለሁ። ደብተሩ እኔ ጋ ስለሆነ በደንብ ይታየኛል። ሙስሊም ወንድሞች አሉን። የማይጠጡ ክርስቲያኖችም አሉ። እኩል ያዋጣሉ፣ እኩል ይቀጣሉ፤ ገንዘባቸው ግን ሌላው የሚጠጣው ቢራ ይሆናል። ይሉኝታ ስላለ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም። «ሥራ በዛብኝ» ብሎ ቀስ በቀስ ይቀራል እንጂ። ቅጣቱ ለኳስ፣ ለመረብ፣ ለፋሻ ይዋል።

አሰልጣኝ (ከአዘዞ)
ጥሩ ነው። ግን የቡድኑ ገንዘብ ቢቆም በየተራ መጋበዙ አለ። አምስት ሰው ከተቀመጠ አምስት ዙር ነው። ሁለት ጠጥቶ ልነሳ ያለ ሰው «ምነው፣ ተጣላን እንዴ?» ይባላል። አንዱ ቢራ ከሰውነት ለመውጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ቡና መጠጣትም ሆነ ፊትን መታጠብ አያፋጥነውም። ሁሉም የራሱን ይክፈል የሚል ይግባ።

አንጋፋ ተጫዋች (ከአራዳ)
ልጄ፣ ለየብቻ ክፈሉ ማለት እኛ ጋ አይሄድም። አብሮ ተቀምጦ ለየብቻ መክፈል ነውር ነው። ይልቅ ግብዣው ምግብ ይሁን። የሚጋብዝ ሽሮውን፣ ጥብሱን ያዝዝ። መጠጥ ያሻው ለራሱ ይዘዝ፤ ያኔ ዙር የሚባለው በራሱ ይቀራል።

ቅደም ተከተሉም ይጻፍ። መጀመሪያ ውሃ። አልኮል ሽንት ስለሚያበዛ በላብ የወጣውን አይተካም። ቀጥሎ ምግብ። ቢራው ከዚያ ይደርሳል። ደግሞስ ቅሪቦ አለን፣ ብርዝ አለን። በገዛ አገራችን የማይጠጣ ሰው ለስላሳ ብቻ ይዞ ለምን ይቀመጣል?

ነርስ (ከሴቶች መረብ ኳስ ቡድን)
ጋሼ፣ ልክ ብለዋል። ቅሪቦው ግን ያልቆየ ይሁን፤ ሲቆይ እየፈላ ይሄዳል።

የተጎዳ ተጫዋችም አይረሳ። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትን ልጅ «ያደነዝዝልሃል» ብለው አረቄ ይሰጡታል። እባካችሁ ይሄ ይቅር። አልኮል እብጠቱን ሊያባብስ ይችላል። ሕመሙን ስለሚሸፍነውም ልጁ በተጎዳ እግሩ ይረግጣል። ጭንቅላቱን የተመታማ ከሆነ በጣም ያሰጋል። ቢያስመልሰው፣ ቢንገዳገድ፣ ከመጠጡ ይሁን ከጉዳቱ በምን እንለያለን? «የተጎዳ በዚያ ቀን አይጠጣም» ብላችሁ አስገቡልኝ። በዚህ ላይ የቤት አረቄ ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፤ ከቢራም በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ (ከቀበሌ 18)
ኳስ የሚያቀብሉን ልጆች ከእኛው ጋር ይቀመጣሉ። «ትንሽ ቅመስ» የሚል አይጠፋም። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። ልጆቹ በልተው፣ ለስላሳቸውን ጠጥተው፣ ቢራ ከመታዘዙ በፊት ወደ ቤት ይሸኙ።

ማሊያም አለ። አንድ መጠጥ ቤት ስሙን አጽፎ ታዳጊዎቹን ላልብስ ብሏል። ያው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። እኛ በልጆች ደረት ላይ ልንመልሰው ነው? እኔ በበኩሌ አላለብስም።

ሂሳብ ያዥ (ከማራኪ)
ልጆቹ እኮ የተቀደደ ለብሰው ነው የሚጫወቱት። እምቢ ካልን ሌላ እንፈልግላቸው።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ (ከቀበሌ 18)
ፋርማሲዎችን፣ ዳቦ ቤቶችን፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮችን ልጠይቅ። ይሄን ለእኔ ስጡኝ።

አሰልጣኝ (ከአዘዞ)
መመለሻውስ? ከፒያሳ አዘዞ ቅርብ አይደለም። ሞተርና መኪና ይዘው የሚመጡ አሉ። በየሳምንቱ አንድ የማይጠጣ ሰው ቁልፍ ይያዝ። ከቅጣቱም ለባጃጅ ይመደብ።

ሂሳብ ያዥ (ከማራኪ)
ባጃጅ ከከፈልን ያው ለመጠጥ አወጣን ማለት አይደለም?

ነርስ (ከሴቶች መረብ ኳስ ቡድን)
አይደለም። ሰው በሰላም ቤቱ ይግባ፤ ለዚህ የወጣ ብር አይቆጨኝም።

ጸሐፊ (ከፒያሳ)
በሁለተኛው ረቂቅ ገንዘቡ፣ የምግብ ግብዣው፣ የተጎዳው፣ ልጆቹ፣ ቁልፍና ባጃጁ ገብተዋል። አውስትራሊያ ውስጥ በስፖርት ክለቦች የመጠጥን ጉዳት ለመቀነስ የሚሠራ ጉድ ስፖርትስ የሚባል ፕሮግራም አለ። በእነሱ አቆጣጠር በ2000 ነው የተጀመረው፤ ክለቦችን ደረጃ በደረጃ አሳልፏል። እኛም እንዲሁ ብናደርግ እመርጣለሁ። በመጀመሪያው ዙር የገንዘቡና የልጆቹ ነገር ብቻ ግዴታ ይሁን። ሌላውን ቡድኖች ሲለምዱት እንጨምር።

ያልተቋጨው የአዋቂዎቹ ማሊያ ነው። በመጠጥ ቤት ስም የሚጫወቱ ቡድኖች አሉን፤ እነሱ ሳይሰሙ መወሰን ተገቢ አይመስለኝም። የቡድን መሪዎች ተጫዋቾቻችሁን ጠይቃችሁ እስከ ረቡዕ ጻፉልኝ።