በፈቃዱ ለሚመጣውስ? የጾታ ዝንባሌን «ለመቀየር» በሚሰጥ ሕክምና ላይ የተነሣ ክርክር

አወያይ፦ የሰውን የጾታ ዝንባሌ ለመቀየር ተብሎ የሚሰጥ ሕክምና፣ ምክር ወይም ሃይማኖታዊ ሥርዓት በሕግ ይከልከል ወይስ ለግለሰቡና ለቤተሰቡ ይተው? ተመሳሳይ ጾታን ማፍቀር ልክ ነው አይደለም የሚለውን ዛሬ አንነካውም። የምንጠይቀው በሰው ላይ ምን ማድረግ ይፈቀዳል የሚለውን ብቻ ነው። ስድብ ካየሁ አጠፋለሁ።

የልጆች አባት፦ እኔ ልጀምር። ሃይማኖተኛ ነኝ፣ አልደብቅም። ሰውን በኤሌክትሪክ ማስነዘር፣ መደብደብ፣ አስሮ ማስራብ ወንጀል ነው፤ በዚህ ላይ የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። ግን አንድ ሰው በገዛ ፈቃዱ «ይህን ስሜት አልፈልገውም፣ እርዱኝ» ብሎ ቢመጣ ሕግ ምን አግብቶት በሩን ይዘጋበታል? ሰብአዊ መብት ከተባለ የእሱም መብት ነው። ወላጅስ ልጁን መምከር ሊከለከል ነው?

የአእምሮ ጤና ሠራተኛ፦ ጋሼ፣ ፈቃዱ ላይ ከመድረሳችን በፊት የሚሰጠው ነገር ምን እንደሆነ እንይ። ሕክምና ለበሽታ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ዝንባሌ ከበሽታዎች መዝገብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው (ከዚህ በኋላም የምጠቅሰው በዚሁ አቆጣጠር ነው)። የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 ተከተለ። የፓን አሜሪካ ጤና ድርጅት ደግሞ በ2012 ባወጣው መግለጫ ነገሩን «ለሌለ በሽታ የሚሰጥ ፈውስ» ብሎ ጠራው። ይሠራል ወይ ለሚለውም፣ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ቡድን በ2009 የቀደሙትን ጥናቶች መርምሮ ዝንባሌ እንደሚቀየር የሚያሳምን ማስረጃ አላገኘም። ጭንቀት፣ ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ የደረሰባቸው ሰዎች መኖራቸውን ግን አግኝቷል።

ተጠራጣሪ፦ ስፒትዘር የሚባለው ሐኪም መቀየር ይቻላል ብሎ ጥናት አሳትሞ የለም እንዴ? እሱን ለምን ትዘይዋለሽ?

የአእምሮ ጤና ሠራተኛ፦ አልዘለልኩትም፣ ልመጣበት ነበር። ሮበርት ስፒትዘር በ1973ቱ ውሳኔ ትልቅ ድርሻ የነበረው ሰው ነው፤ ስለዚህ በ2003 ያሳተመው ጥናት ብዙዎችን አስደነገጠ። ያደረገው ግን 200 ሰዎችን በስልክ ጠይቆ «ተቀይረናል» ያሉትን ቃል መቀበል ነበር። በ2012 ራሱ ድምዳሜውን ስቦ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ ከጠየቃቸው መካከል ጥናቱን አምነው በእንዲህ ያለ ሕክምና ጊዜና ጉልበታቸውን ያባከኑ ሰዎች ነበሩ። ጋሼ፣ እነዚያ ሰዎች እርስዎ የሚሉት ዓይነት ናቸው፤ ፈቅደው፣ አጥብቀው ፈልገው የሄዱ።

ሌላም አለ። በዚህ ሥራ ከሚታወቁት ድርጅቶች ትልቁ የነበረው ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል በ1976 ተመሥርቶ በ2013 ተዘጋ። የዘጉት ተቃዋሚዎች አይደሉም። መሪው አለን ቻምበርስ ከመዘጋቱ ቀደም ብሎ፣ ካገኛቸው ሰዎች እጅግ የሚበዙት ዝንባሌያቸው እንዳልተቀየረ በአደባባይ ተናግሮ ነበር፤ ሲዘጋም ይቅርታ ጠይቋል።

የሕግ ተማሪ፦ ፈቃድ ስለተባለው እኔ ልግባ። በሕግ ፈቃድ የሚባለው ያለ ጫና የተሰጠና የሚሆነውን በማወቅ የተሰጠ ሲሆን ነው። «ልትቀየር ትችላለህ» ተብሎ የተነገረው ሰው የፈቀደው ለማይገኝ ነገር ነው። በ2020 የተባበሩት መንግሥታት ገለልተኛ ባለሙያ ቪክቶር ማድሪጋል ቦርሎስ ለሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት እነዚህ ድርጊቶች በዓለም ዙሪያ እንዲከለከሉ ጠይቋል፤ እንደ ጉዳቱ ክብደት ከማሰቃየት ሊቆጠሩ እንደሚችሉም ጽፏል።

ለጋሼ የምሰጠው ነጥብም አለ። አገሮች መስመሩን ያሰመሩት አንድ ቦታ ላይ አይደለም። የጀርመን የ2020 ሕግ የሚከለክለው ከ18 ዓመት በታች ባሉት ላይና ተገዶ ወይም ተታልሎ ፈቃዱን በሰጠ አዋቂ ላይ ሲደረግ ነው። በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የካናዳ ሕግ ግን በአዋቂ ላይ በፈቃዱም ቢሆን ማካሄድን ወንጀል አድርጓል። እኔ የማዘነብለው ወደ ካናዳው ነው፤ ማታለሉ ያለው ተስፋው ውስጥ ነውና።

የልጆች አባት፦ ጸሎትስ? ሰው ከሃይማኖት አባቱ ጋር ቢጸልይ ፖሊስ ሊመጣበት ነው?

የሕግ ተማሪ፦ በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት የ2021 ሕግ፣ አንድን ሰው ለመቀየር ተብሎ በእሱ ላይ የሚደረግን ጸሎት ይጨምራል። ሰው ለብቻው የሚጸልየውን ማንም አይነካም። የዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 18 ማመንን ፈጽሞ አይገድብም፤ እምነትን በድርጊት መግለጽን ግን ለሌሎች ጤናና መብት ሲባል በሕግ መገደብ ይፈቅዳል። እውነቱን ልናገር፣ በአዋቂ ፈቃድ የሚደረግ ጸሎት ላይ እኔም ልቤ አልቆረጠም።

ያለፍኩበት፦ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። በ17 ዓመቴ ወላጆቼ ወሰዱኝ። ማንም አልመታኝም፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ያደረገብኝ የለም። በመጀመሪያው ቀን «አንተ ራስህ መቀየር ትፈልጋለህ?» ተባልኩ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አዎ አልኩ። ሌላ ምን ልል ነበር? የምበላው ከእነሱ፣ የማድረው ከእነሱ ጋር።

ሁለት ዓመት ሄድኩ። አማካሪው ይህን ዝንባሌ የሚያመጣው ከአባት መራቅ ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ በየሳምንቱ አባቴ የበደለኝን ነገር ከትዝታዬ ፈልጌ እንዳመጣ እጠየቃለሁ። አባቴ አልበደለኝም። ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ፣ ሲያመኝ ሌሊት ሙሉ የማይተኛ ሰው ነበር። ካልተገኘ ግን «ገና አልተከፈትክም» እባላለሁ። በመጨረሻ ማግኘት ጀመርኩ፤ አንድ ቀን የዘገየውን፣ አንድ ቀን የተቆጣውን እየለቀምኩ። ቤት ስገባ ፊቱን ማየት አቃተኝ። ዝንባሌዬ እንዳለ ነው። አባቴን ነው ያሳጡኝ። ሳልቀየር ስቀርም ጥፋቱ የእኔ ሆነ፣ ከልብህ አልፈለግክም ተባልኩ።

የልጆች አባት፦ ልጄ፣ አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። አዋቂ በፈቃዱ የሚያደርገውን ስለ መከልከል ያልኩትን አልሳብኩም፤ በጸሎቱም እዚያው ነኝ። ልጅን ስለ መውሰድ ግን ያልኩትን ስቤያለሁ። እኔ ያሰብኩት መካሪ ዘንድ መውሰድ ጉዳት የለውም ብዬ ነበር። አባትህ ይህን ያውቃል?

ያለፍኩበት፦ አያውቅም። ለእኔ ብሎ ከደሞዙ እየቆረጠ ነበር የከፈለው፤ እንዴት ብዬ ልንገረው።