ድረሱልኝ! አንድ ጥናት፣ ሁለት ገምጋሚ፣ 82 እና 61

ጠያቂ (ጅማ)
ሰላም ቤተሰብ፣ በጣም ቸኩያለሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ለአድቫይዘሬ የማስረክበው ሲስተማቲክ ሪቪው (የተሠሩ ጥናቶችን በሥርዓት ሰብስቦ የሚገመግም ጽሑፍ) አለ። በሕክምና ወጪ ቆጣቢነት ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ነው የምንገመግመው። እኔና የክፍል ጓደኛዬ ለየብቻ ነጥብ ሰጠን፣ ዛሬ ማታ ስናመሳክር ጉድ ወጣ። አንዱን ጥናት እኔ 82 ሰጥቼዋለሁ፣ እሱ 61። ከ75 በታች ያገኘው ይውጣ ብለን ተስማምተን ነበር። ስለዚህ እኔ ጋ ገባ፣ እሱ ጋ ወጣ። አማካዩን ልውሰድ? መብራት ሁለቴ ሄዶ መጥቷል፣ የላፕቶፔ ባትሪ 40 በመቶ ላይ ነው። በናታችሁ ቶሎ!

የቆጪ ልጅ
ካፓ የሚባለውን የስምምነት መለኪያ አስላ ወንድሜ። ምን ያህል እንደተስማማችሁ እሱ ይነግርሃል።

ጠያቂ
እህትህ ነኝ። አለመስማማታችንንማ አውቄዋለሁ። የቸገረኝ ማስታረቁ ነው።

ከሂርማታ
በየትኛው ቼክሊስት (የመመዘኛ ጥያቄዎች ዝርዝር) ነው የገመገማችሁት? አማካዩን ግን ተዪው። አንዳችሁ ተሳስታችሁ ከሆነ አማካዩ ስህተቱን አያርመውም።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ መጀመሪያ መሣሪያሽን ለይ። በዚህ ሙያ ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ቺርስ የሚባለው በ2013 እ.ኤ.አ. 24 የማመሳከሪያ ነጥቦችን ይዞ ወጣ፣ በ2022 ደግሞ 28 ሆነ። እሱ አንድ ጥናት በወጉ ተጽፏል ወይ የሚል የአዘጋገብ መመሪያ ነው። በሚገባ የተጻፈ ሁሉ በሚገባ ተሠርቷል ማለት አይደለም። ጥራት ለመመዘን የድራመንድና የጄፈርሰን የ1996ቱ አለ፣ 35 ጥያቄ ነው። በ2005 የወጣው ሲ-ኤች-ኢ-ሲ 19 ጥያቄ አለው። ለሞዴል ጥናት፣ ማለትም ወጪንና ውጤትን በስሌት ለሚገምት፣ የፊሊፕስ የ2004ቱ ይሻላል። እያንዳንዱ የተሠራለት ዓላማ አለው። እኛ ስንማር በእጅ ነበር የምንሞላው፣ ከመሙላታችን በፊት ደግሞ በሁለት ጥናት እንለማመድ ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!

ቡና ከአጋሮ
ቺርስ ሲባል እኔ ብርዝ ልትጋብዙን መስሎኝ ብርጭቆ ይዤ መጣሁ 😂 እህቴ አይዞሽ፣ አንድ ስኒ ጠጪና ቀጥይ።

ጠያቂ
ጋሼ አመሰግናለሁ። የእኛ ኪው-ኤች-ኢ-ኤስ የሚባለው የጥራት መመዘኛ ነው። 16 ጥያቄ፣ ከ100 የሚታሰብ።

ከሂርማታ
እሱማ አዎ ወይም አይ ነው። ሙሉውን ነጥብ ትሰጫለሽ ወይም ዜሮ፣ ግማሽ የለም። አሁን ድምሩን እርሺው። 16ቱን ጎን ለጎን አድርጊና የተለያያችሁበትን ብቻ ጻፊልን።

የቆጪ ልጅ
ካፓውን ግን አስዪ፣ አድቫይዘር መጠየቁ አይቀርም።

ጠያቂ
3 ብቻ ናቸው! 8ኛው 7 ነጥብ፣ 12ኛው 8፣ 14ኛው 6። ሲደመር ልክ 21። በሦስቱም እኔ አዎ፣ እሱ አይ ብለናል። ጥናቱ ሞዴል የለውም፣ ታማሚዎችን ለ6 ወር ተከታትሎ የተሠራ ነው። ወጪውና ውጤቱ እንዴት እንደተሰላ በሠንጠረዥ አስቀምጠዋል።

ከሂርማታ
በቃ ተገኘ። 12ኛው ላይ ጓደኛሽ ሞዴል ስለሌለ አይ ብሎ ይሆናል። ጥያቄው ግን የአሠራሩን ግልጽነት ጭምር ነው፣ ሠንጠረዡ ካለ አዎ ነው። 8ኛው ዲስካውንት ነው፣ የወደፊቱን ወጪና ጥቅም ቀንሶ በዛሬ ዋጋ ማስላት። ዲስካውንት የሚጠየቀው ከአንድ ዓመት በላይ ለሚሄድ ወጪና ጥቅም ነው፣ 6 ወር ላይ አይሠራም፣ ስለዚህ እሱም አዎ ነው። 14ኛው ላይ ግን፣ ጸሐፊዎቹ ስለ አድልዎ፣ ማለትም ውጤቱን ወደ አንድ ወገን ሊያጋድል ስለሚችል ስህተት፣ ምን ይላሉ?

ጠያቂ
በአንድ ሆስፒታል ብቻ መሠራቱ ውስንነት ነው ይላሉ። ሌላ የለም።

ከሂርማታ
እንግዲያው እዚህ ጓደኛሽ ልክ ነው። የሚጠየቀው አድልዎው ውጤቱን ወዴት እንዳጋደለና በምን ያህል እንደሆነ ነው። ስለዚህ ያንቺ 82 ላይ 6 ይቀነሳል፣ 76። የእሱ 61 ላይ 15 ይጨመራል፣ 76። ይህንን ከእሱ ጋር ተነጋግራችሁ ጻፉት። ካልተስማማችሁ ሦስተኛ ሰው ይፍረድ።

ፋርማሲስቷ
ይቅርታ፣ እኔ ከሥሩ አልስማማም። 76 ስለሆነ ይግባ፣ 74 ቢሆን ይውጣ ነበር? አንዲት አዎ ወይም አይ ነች የምትወስነው። ደግሞ ክብደቶቹን እዪአቸው። ጥናቱ በማን ዓይን ወጪውን እንዳየ የሚጠይቀው 2ኛው ጥያቄ 4 ነጥብ ብቻ ነው ያለው። እዚህ ጅማ ግን ትልቁ ነገር እሱ ነው። ከዴዶ እናቱን ይዞ የመጣ ገበሬ በየቀኑ አየዋለሁ። የመድኃኒቱን ከፈለ እንበል። የመኪናው፣ የማደሪያው፣ የምግቡስ? በኅዳር ቡና ለቀማ ላይ የቀረበት ቀንስ? ባለፈው አንዱ የመድኃኒት ወረቀቱን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ብሩን ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ፣ ከዚያ ግማሹን ብቻ ስጪኝ አለኝ። በጤና ተቋሙ ዓይን ብቻ የተሰላ ጥናት ይህን ሰው አያየውም። ግን ሌላው ከተሟላለት ከ90 በላይ ያገኛል። ስለዚህ ምንም አታውጪ። ሁሉንም አስገቢ፣ ጥያቄ በጥያቄ በሠንጠረዥ አሳዪ፣ ከዚያ ለሙከራ ያህል ብቻ ደካማዎቹን አውጥተሽ ድምዳሜው ይለወጥ እንደሆነ እዪ።

ጡረተኛው መምህር
ይህች ልጅ እውነቷን ነው።

ጠያቂ
ግን ፕሮቶኮላችን (አስቀድመን የጻፍነው እቅድ) ላይ 75 ብለን ጽፈናል 😩

ፋርማሲስቷ
የቀየርሽውንና ምክንያቱን በግልጽ ጻፊ። መቀየር ነውር የለውም፣ መደበቅ ነው ነውሩ።

ሌላ አባል
የብሩንም ነገር አደራ። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የድሮ ወጪን በዛሬ ምንዛሪ ወደ ዶላር ብትቀይሪው ሕክምናው በአንድ ሌሊት የረከሰ ይመስላል። መጀመሪያ በብር የዋጋ ንረቱን አስተካክዪ፣ ከዚያ መንዝሪ።

ከሂርማታ
አንድ ነገር ረስቻለሁ፣ በጣም ዋና ነው። 8ኛው ጥያቄ ዲስካውንት ብቻ አይደለም። የክትትሉ ጊዜ ዋና ዋና ውጤቶችን ለማየት ይበቃል ወይ ይላል። ለሳንባ ምች 6 ወር ይበቃል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ከሆነ አይበቃም፣ 7ቱ ይሄዳል፣ 69 ይሆናል። ያኔ ጓደኛሽ 8ኛውም ላይ ልክ ነበር ማለት ነው። በሽታው ምንድን ነው?

ጠያቂ
ወይኔ መብራት ሄደ። ባትሪ 9 በመቶ። ጓደኛዬ ጋ ልደውል። ፈረንጅ አራዳ ጄኔሬተር ያለው ቤት ካለ

ከሂርማታ
በሽታውን ብቻ ጻፊልን!

ቡና ከአጋሮ
ነጋ እኮ። 3 ሰዓትም አለፈ። እህታችን፣ አስረከብሽ?

የቆጪ ልጅ
ካፓውንስ አሰላሽው?