ትልቁን መድረክ ለቀን እንውጣ ወይስ እዚሁ እንቆይ? የወሎ ልጆች ክርክር

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ጀማው፣ እንዴት ናችሁ? ነገሩን ላፍረጥርጠው። ይሄ የፌስቡክ ግሩፓችን የተቀመጠው በሰው ቤት ነው። ባለቤቱ ሲያሻው ያሳየናል፣ ሲያሻው ይደብቀናል። አምና ለአረፋ ሙክት ልሸጥ ፎቶ ለጠፍኩ። «የእንስሳት ሽያጭ ክልክል ነው» ተብሎ ወዲያው ጠፋ፣ እኔም ታገድኩ። ይግባኝ ስል የመለሰልኝ ማሽን ነው። ለማሽን አረፋ ምን እንደሆነ እንዴት ላስረዳው? ስለዚህ ትዊተርን ወደሚመስለው ማስቶዶን ወይም ሬዲት የሚባለውን የውይይት መድረክ ወደሚመስለው ሌሚ እንውጣ እላለሁ። አንድ ባለቤት የላቸውም። የፈለገ ሰው የራሱን ሰርቨር (መድረኩን የሚያስተናግድ ኮምፒውተር) ይከፍታል፣ ሰርቨሮቹ ደግሞ አክቲቪቲፐብ በሚባል የጋራ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የመነጋገሪያ ደንብ፣ ይገናኛሉ። እሺ በሉኝና በዚህ ወር እንጀምር።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
ወንድሜ፣ የሙክትህ ነገር ያናድዳል። ግን እዚያ ሄደህ ማን ሊገዛህ ነው? ይሄን ፊልም አይተነዋል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።) በ2023 ሬዲት ለኤፒአይ፣ ማለትም የሌሎች ሰዎች አፖች ከእሱ ጋር ለሚገናኙበት መስመር፣ ዋጋ አወጣ። አፖሎ የሚባለውን የሬዲት ማንበቢያ አፕ የሠራው ክርስቲያን ሴሊግ በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊጠየቅ እንደሆነ አስልቶ፣ ጁን 30 ላይ ዘጋው። ከ8,000 በላይ ሰብሬዲቶች (የሬዲት ግሩፖች) በራቸውን ጠርቅመው አደሙ፣ ሁሉም ወደ ሌሚ እንሄዳለን አለ። የኩባንያው አለቃ ስቲቭ ሃፍማን ንቅንቅ አላለም። በማርች 2024 ጭራሽ አክሲዮኑን ኒውዮርክ ገበያ ላይ ሸጠ። ካኮረፈው አብዛኛው ዛሬም እዚያው ሬዲት ላይ ነው። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

ሐይቅ ዳር፦
አብዛኛው ተመለሰ፣ እውነት ነው። ሁሉም ግን አልተመለሰም። ሌሚ ከ2019 ጀምሮ ነበር፣ እስከዚያ ክረምት ድረስ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ሌሚ ዎርልድ የሚባለው ሰርቨር የተከፈተው በዚያው ጁን ነው፣ ዛሬም ሞቅ ያለ ሰፈር ነው። ማስቶዶንም እንደዚያው። ኢሎን መስክ በኦክቶበር 2022 ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ይጠቀምበት ጀመር፣ በኋላ ቀነሰ፣ ግን ከድሮው በላይ ሆኖ ቀረ። እኛ ስንት ነን? ሚሊዮን ሰው እኮ አያስፈልገንም።

ደሞ ነገሩ ለወሎ ሰው አዲስ አይደለም። በየሰፈሩ ቅሬ (እድር) አለን አይደል? የሙጋድ ቅሬ የራሱ ዳኛ፣ የራሱ ደንብ፣ የራሱ ድንኳን አለው፤ የሆጤ ሰው ሲሞት ግን የሙጋዱም ሄዶ ይቀብራል፣ የሁሉም ቅሬ አለቃ ነኝ የሚል የለም። በቃ ይሄው ነው።

የባቲ ገበያ፦
እኔ የምለው፣ ቴሌግራም ምን ሆነና ነው? ዋጋውን እዚያ እጠይቃለሁ፣ እዚያ እሸጣለሁ። ሌላው ጣጣ ነው።

ቦርከና፦
ቴሌግራምም የአንድ ሰው ቤት ነው። ባለቤቱ ፓቬል ዱሮቭ በኦገስት 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ሲታሰር ያን ቀን ስንቱ ቻናል «ሊዘጋ ነው» እያለ ሲያስደነግጠን አልነበር? አንድ ሰው ታስሮ ሁላችን የምንደነግጥ ከሆነ ይሄ ምኑ ነው የኛ?

የጦሳ ልጅ፦
እህቴ ሐይቅ ዳር፣ ቅሬውን ጥሩ አመጣሽው። ግን ድንኳኑን ማን ነው የሚጠብቀው? ቪሌሚ የሚባል የሌሚ ሰርቨር ነበር። በጁላይ 2023 አንድም ቃል ሳይተነፍስ ጠፋ፣ የተጠቃሚው አካውንት አብሮት ሄደ። በዚያው ወር ማሊ «ነጥብ ኤምኤል» የሚለውን የዶሜን ስሟን (የኢንተርኔት አድራሻ መጨረሻዋን) መልሳ ስትይዝ፣ ያንን ስም በነጻ ወስደው የተሠሩ አንዳንድ ሰርቨሮች አድራሻቸውን አጡ። ሌላም አለ። ሌሚ ላይ አንድ ኮሚኒቲ የሚኖረው በተወለደበት ሰርቨር ነው። ያ ሰርቨር ከሞተ ሌሎቹ ጋ የሚቀረው የድሮው ቅጂ ብቻ ነው፣ አዲስ ነገር ብትጽፊበት ከራስሽ ሰርቨር አያልፍም። ማስቶዶን ትንሽ ይሻላል፣ ተከታዮችሽን ወደ ሌላ ሰርቨር ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ። የጻፍሽው ግን እዚያው ይቀራል። እንግዲህ የአባቶቻችንን ፎቶ፣ የመንዙማ ቅጂ፣ የስንት ዓመት ወግ እዚያ ላይ ልንጭን ነው? ከእጅ አይሻል ዶማ እንዳይሆን ነው ፍርሃቴ።

ወልድያ፦
ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። በኛ አቆጣጠር በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉብን ለወራት በቪፒኤን ስንንጠላጠል ኖርን። ከዚያ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታው ራሱ ጠፋ። ያኔ ማስቶዶን ቢኖረን ምን ይፈይድልን ነበር? መልእክት የላክነው በሹፌር ነው እኮ!

ሐይቅ ዳር፦
ሁለቱ መዘጋት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ዓይነት በስም መርጦ መዝጋት ነው። አራት ትልልቅ ስሞችን መዝጋት ይቀላል፣ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ሰርቨሮችን እየለቀሙ መዝጋት ግን ያደክማል። እዚያ ላይ ይጠቅመን ነበር። ዳታው ከተቆረጠ ግን ምንም አይሠራም፣ ይሠራል ብዬም አልዋሽም።

ከሚሴ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ስድቡ ነው። ትልቁ መድረክ አማርኛና ኦሮምኛ የሚያነብ በቂ ሰው አላስቀመጠም ብለን ስንጮህ ኖረናል። በጦርነቱ ጊዜ ፌስቡክ ላይ በተሠራጨ ጽሑፍ ምክንያት አባቴን አጣሁ ያለ ኢትዮጵያዊ ከሌሎች ጋር ሆኖ ሜታን ናይሮቢ ፍርድ ቤት ከሷል፣ ዲሴምበር 2022 ላይ። የራሳችን ሰርቨር ቢኖረን የሚያጠፋውም የሚያስጠነቅቀውም የሰፈሩ ሰው ይሆናል፣ የትኛው ቃል ቀልድ እንደሆነ፣ የትኛው ቃል ደም እንደሚያፈስ ያውቃል። ይሄ ብቻ ለእኔ ይበቃኛል።

የጦሳ ልጅ፦
ተሳዳቢውስ የራሱን ሰርቨር ቢከፍት? ጋብ የሚባለው የአሜሪካ ጽንፈኞች መድረክ በ2019 የማስቶዶንን ሶፍትዌር ወስዶ ገባ እኮ። ነጻ ነው፣ ማንም ይወስደዋል።

ከሚሴ፦
ወሰደ፣ ግን አብዛኛው ሰርቨር ጆሮውን ደፈነበት፣ ብቻውን ቀረ። ፌስቡክ ላይ ተሳዳቢውን አንተ ብታግደው ከጎረቤትህ ስልክ ላይ ይቀጥላል። እዚህ ግን አድሚኑ ከዚያ ሰርቨር ጋር ያለውን ግንኙነት ሲቆርጥ ለሁላችንም ይቆረጣል።

ወልድያ፦
አድሚኑ ከተኳረፈስ? ቢሃው የሚባለው የሌሚ ሰርቨር በጁን 2023፣ ሰው በገፍ በሚመጣበት ሰዓት፣ ከሌሚ ዎርልድ ጋር ተቆራረጠ። ምክንያቱ ጠብ እንኳ አልነበረም፣ የሚቆጣጠር ሰው አነሰን ነው ያሉት። ትናንት አብሮህ ሲያወራ የነበረ ሰው ዛሬ አይታይህም። እኛ ደሞ ለኩርፊያ ማን ብሎን!

የባቲ ገበያ፦
እህቴን አንዱ ሰርቨር ላይ ላስመዝግባት ብዬ ነበር። መጀመሪያ «ሰርቨር ምረጪ» አላት። ከዚያ በእንግሊዝኛ «ለምን መግባት ፈለግሽ?» የሚል ጥያቄ መጣ። «ለሰላምታ ነው» ብላ በአማርኛ ጻፈችለት። እስካሁን አልፈቀዱላትም። እናንተ ፕሮቶኮል ትላላችሁ፣ ሰው በር ላይ ቆሟል።

ሐይቅ ዳር፦
😂 እሷ የጻፈችውን አንብቦ የሚያስገባ አድሚን ነው እኮ ያጣነው። የራሳችን በር ሲሆን ጥያቄውም በአማርኛ ይሆናል።

የጦሳ ልጅ፦
እሺ፣ ወደ ብሩ እንምጣ። የሰርቨር ኪራይ በዶላር ነው የሚከፈለው። ትንሿ በወር 10 ዶላር ብትሆን እንኳ በማን ካርድ? ማስቶዶን ደግሞ የሌሎችን ሰርቨር ፎቶና ቪዲዮ ጭምር እየቀዳ ያስቀምጣል፣ ካላጸዱት ዲስኩ ጢም ይላል። የዲያስፖራ ዘመድ ይክፈል ካላችሁ ያ ዘመድ የረሳ ዕለት ግሩፑ አበቃ። ዶሜኑ በማን ስም ይሆናል? የአድሚን ፓስወርድ ስንት ሰው እጅ ይገባል? ዛሬ የከፈተው ልጅ ነገ ሥራ ሲበዛበት ማን ይተካዋል? እኔ መሄዱን አልጠላሁም፣ ሳንዘጋጅ መሄዱን ነው የጠላሁት። ትልቁ ኩባንያ ክፉ ባለቤት ሊሆን ይችላል፣ ባለቤት የሌለው ቤት ግን ጣሪያው ሲያፈስ የሚወጣለት የለም።

ቦርከና፦
ባለቤቱ እኛ ነን እያልኩህ እኮ ነው!

የጦሳ ልጅ፦
«እኛ» ማለት ማን ነው? ስም ጥራ።

ቦርከና፦
እኔ አንድ። የመጀመሪያውን ዓመት ኪራይ አዋጣለሁ።

ወልድያ፦
እኔ ቴክኒኩ ላይ የለሁበትም። ግን ከመሄዳችን በፊት እዚህ ያለውን ፎቶና ጽሑፍ አውርደን ሃርድ ዲስክ ላይ እንገልብጥ። ሄድንም ቀረንም ያ ያስፈልገናል። ወልድያ ያለውን እኔ እሰበስባለሁ።

ከሚሴ፦
የሚለጠፈውን የማይ እኔ ነኝ። የኦሮምኛውንም አያለሁ። ሌሊት ግን አልችልም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ሐይቅ ዳር፦
አብሽሩ። ሰርቨሩን እኔ እተክለዋለሁ፣ ማስቶዶን ነው የሚሆነው፣ ሌሚ ላይ የጦሳ ልጅ ያለውን አምኛለሁ። ይሄ ግሩፕ አይዘጋም፣ ሰው ሲለምድ ይምጣ። ዶሜኑ በቦርከና ስም ይመዝገብ፣ ቁልፉ ግን እኔም ጋ፣ የጦሳ ልጅም ጋ ይኑር፣ ባክአፑ በየሳምንቱ ደሴ ይላክ። የጦሳ ልጅ፣ አንተ ስለምትጠራጠር ነው የመረጥኩህ፣ እምቢ እንዳትል። የሚያዋጣ ሰው በውስጥ መስመር ያናግረኝ። የባቲ ገበያ፣ እህትህን ላክልኝ፣ መጀመሪያ የምትገባው እሷ ናት። ኮሚሽን ግን የለውም፣ አትድከም።