«ጨዋታ ነው» የሚሉና «ይጠየቁበት» የሚሉ፦ በእንግሊዝ ሬዲዮና ጋዜጣ ጌዮችን ስለሚያንቋሽሽ ንግግር

ጎህ
ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን ላለ አንድ የኮሚዩኒቲ ሬዲዮ በጎ ፈቃደኞች ሥልጠና እየተዘጋጀ ነው። ገሚሶቹ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ገሚሶቹ እዚሁ ያደጉ ልጆች ናቸው። «ጌይ» የሚለው ቃል ማይክ ላይ ለማብሸቂያ ሲውል አንዱ ወገን «ጨዋታ ነው፣ ምን ያካብደዋል» ይላል፤ ሌላው «ጣቢያው ይጠየቅበት» ይላል። ልዩነቱ የዕድሜ ብቻ ነው? አቤቱታስ የሚወድቀው ምን ላይ ነው?

የጣና ልጅ
ዕድሜ ብቻውን አያስረዳም። የክሪስ ሞይልስን ጉዳይ ውሰጂ። የቢቢሲ ሬዲዮ 1 የጠዋት አቅራቢ አንድን የስልክ ጥሪ ድምፅ የማይረባ ነው ለማለት «ጌይ» አለው። በ2006 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) የቢቢሲ ገዢዎች ኮሚቴ አቤቱታውን ውድቅ ሲያደርግ ምክንያቱ ወጣቶች ቃሉን በዚህ ትርጉም ይጠቀሙበታል የሚል ነበር። መከላከያው የቀረበው በወጣቶች ስም ነው!

ከጀርባው ክፍል 28 አለ። ይህ የ1988 ድንጋጌ የአካባቢ መስተዳድሮች ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪነትን እንዳያስፋፉ ከለከለ፤ በእንግሊዝና በዌልስ የተሻረው በ2003 ነው። መምህራን ጉዳዩን ማንሳት ፈሩ፣ ስድቡ ግን ከትምህርት ቤት ግቢ አልወጣም። ሞይልስን ይሰሙ ከነበሩት ብዙዎቹ የተማሩት በዚያ ዘመን ነው። ስለዚህ ሰልጣኞቹን ከዕድሜያቸው ይልቅ በየትኛው ሕግ ሥር እንዳደጉ ጠይቂያቸው። የኢትዮጵያው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ፆታንና አካል ጉዳትን ሲጠቅስ የፆታ ዝንባሌን አይጠቅስም። ከዚያ የመጣ ሰው «ይሄ ደግሞ ምን ያስጠይቃል?» ቢል አይፈረድበትም፤ የጣቢያው የስርጭት ፈቃድ ግን የለንደን ነው።

መቅደላ
የጋዜጣው በኩል የባሰ ነው። ዘፋኙ ስቲቨን ጌትሊ በጥቅምት 2009 ማዮርካ ውስጥ ሲሞት የዴይሊ ሜይሏ ጃን ሞይር አሟሟቱን ከጌይነቱ ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አወጣች፤ ያውም ከቀብሩ በፊት። በጋዜጦች ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ያይ ለነበረው የፕሬስ አቤቱታ ኮሚሽን ከ25,000 በላይ አቤቱታ ጎረፈ። ኮሚሽኑ በየካቲት 2010 ደንብ አልተጣሰም አለ።

ለምን ወደቀ? የጋዜጦች የሥነ ምግባር ደንብ አንቀጽ 12 የሚከለክለው በአንድ ግለሰብ የፆታ ዝንባሌ ላይ የተሰነዘረ አዋራጅ ቃልን ነው። ጽሑፉ በቀጥታ ስድብ አልያዘም፤ በሽሙጥ ነው የሄደው። በ2014 ኮሚሽኑን የተካው ተቆጣጣሪ ኢፕሶ (IPSO)ም አንቀጹን በግለሰብ ላይ ገድቦ ይሠራበታል። «ጌዮችን ሁሉ ሰደበ» ብሎ በዚህ አንቀጽ መክሰስ የትም አያደርስም፤ የተሳሳተ መረጃ ካለ ስለ ትክክለኛነት በሚደነግገው በአንቀጽ 1 መሄድ ያዋጣል። ቁጥርም ክብደት አይጨምርም። 25,000 ሰው በስሜት ከሚጽፍ አንድ ሰው አንቀጹን ለይቶ ቢጽፍ ይሻላል።

አድማጭ ለአድማጭ
ለሬዲዮ ደንቡ የእንግሊዝ የስርጭት ተቆጣጣሪ የኦፍኮም (Ofcom) ደንብ 2.3 ነው፤ የሚያስከፋ ነገር በአውዱ ካልተደገፈ ጥሰት ነው። የፆታ ዝንባሌ በስም ተጠቅሷል፣ ቡድንንም ይሸፍናል። አቤቱታው በተላለፈ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ይግባ። ቢቢሲ ከሆነ ግን መጀመሪያ ለራሱ ለቢቢሲ ነው፣ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ። ብዙ ሰው በቀጥታ ኦፍኮም ጋ ሄዶ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው።

ቀኑን፣ ደቂቃውንና የተባለውን ቃል በቃል ጻፉ። ሬዲዮ ጣቢያ ቅጂውን የማስቀመጥ ግዴታው 42 ቀን፣ ቴሌቪዥን 60 ቀን ነው።

አቅራቢዎቹ ይህን ይያዙ፦ ደዋይ ከተሳደበ አቅራቢው እዚያው ያርመው። ፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ የሚነበብ ይቅርታ ግማሹን አድማጭ አያገኘውም። ይቅርታው ደግሞ ምን እንደተባለ በግልጽ ይጥራ፤ «ቅር የተሰኘ ካለ» የሚለው ጥፋቱን ወደ ሰሚው ይመልሰዋል። የሲንሲናቲ ሬድስ ቤዝቦል አስተላላፊ ቶም ብሬናማን በነሐሴ 2020 ማይኩ የተዘጋ መስሎት ጌዮችን የሚሰድብ ጸያፍ ቃል ተናገረ። በኋላ አየር ላይ ይቅርታ እየጠየቀ ሳለ ኳስ ተመታች፤ ንግግሩን አቋርጦ ምቱን ዘገበና ወደ ይቅርታው ተመለሰ። በመስከረም ሥራውን ለቀቀ። ቅጂውን ለሰልጣኞቹ አሰሚያቸው።

ጎህ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በአማርኛ ቢባልስ?

አድማጭ ለአድማጭ
ያው ነው። ፈቃዱ ቋንቋ አይለይም፤ ኦፍኮም አስተርጉሞ ይመረምራል። የቃሉን አውድ በሁለት መስመር አብራሩ፣ ተርጓሚው ክብደቱን እንዳይስተው።