ገርባ ጉራቻ ወይስ ወንጪ? ሐይቅ ላለበት የተራራ ጉዞ ጥቆማዬ

"ሐይቅ ያለበት ተራራ ላይ በእግር መጓዝ አምሮናል፤ የት ትመክሪናለሽ?" ይህ ጥያቄ ሳይመጣብኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ከዚህ በፊት ድንኳን ውስጥ አድራችሁ ታውቃላችሁ? ካላደራችሁ ወንጪ ሂዱ። ካደራችሁና ብርድ ካላስፈራችሁ ግን ባሌ፣ ገርባ ጉራቻ የሚባለው ሐይቅ።

ወንጪን ቶሎ ልጨርሰው፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በአምቦም በወሊሶም ይገባል። ሐይቁ የተኛው በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ሲሆን፣ ከላይ ጠርዙ ላይ ስትቆሙ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል መርጦታል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በገበታ ለሀገር ሎጁም መንገዱም ተሠርቷል። ስለዚህ የሚተኛበት፣ የሚበላበት አያሳስብም። የእኔ ምክር አንድ ብቻ ነው፦ በእግር ውረዱ፣ በፈረስ ውጡ። ቁልቁለቱ እየተጨዋወቱ፣ የእንሰቱን ማሳ እያዩ ያልቃል። ከዚያ በጀልባ የቂርቆስ ገዳም ወዳለበት ደሴት ትሻገራላችሁ፤ ፍል ውሃውንም ታያላችሁ። ዳገቱ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ፈረሱን ደግሞ ገና ላይ ሳላችሁ ተስማሙ። ታች ወርዳችሁ እያለከለካችሁ ስትጠይቁ ዋጋው ከትንፋሻችሁ ጋር አብሮ ይጨምራል።

ከወንጪ ሌላ ደንዲም አለ፤ በጊንጪ በኩል ነው። ሁለት ሐይቆች ተያይዘው እንደ 8 ቁጥር የተኙበት ነው። ለዓይን ከወንጪ አይተናነስም፣ ሰውም ይቀንሳል፣ ግን ድንኳኑንም ምግቡንም ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ወደ ሁለቱም ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ እዚያው አካባቢ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ከተማ ያለ ሰው የሚነግራችሁን አትመኑ።

አሁን ወደ ልቤ ልግባ።

ገርባ ጉራቻን የቆፈረው እሳተ ገሞራ አይደለም፤ በረዶ ነው። በጥንቱ የበረዶ ዘመን የባሌ ተራሮች አናት በግግር በረዶ ተሸፍኖ ነበር። ያ በረዶ ወደ ታች ሲንሸራተት አለቱን ፍቆ የተወው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው ይህ ሐይቅ የተጠራቀመው። ከፍታው ወደ 3,950 ሜትር ይጠጋል። ትልቅ አይደለም፤ ርዝመቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ጥልቀቱም 6 ሜትር ገደማ ነው። ጉራቻ በኦሮምኛ ጥቁር ማለት ነው። ከላይ ከገደሉ ጠርዝ ቁልቁል ስታዩት ስሙን ማን እንዳወጣለት አትጠይቁም። ደመና ሲያልፍበት እውነትም ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል።

ወደዚያ አካባቢ የሚወስደው አማራጭ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው በመኪና ነው። ጎባ ታድራላችሁ፣ ጠዋት ወደ ሳነቴ አምባ ትወጣላችሁ፣ ቱሉ ዲምቱን ታያላችሁ፣ ማታ ትመለሳላችሁ። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው። መኪና አናቱ ድረስ ይወጣል፣ አናቱ ላይ ደግሞ አንቴና ተተክሏል፤ ከተማ ውስጥ ያላችሁ ይመስላችኋል። ለሽማግሌና ለሕፃን ይህ ነው የሚሻለው። ቀይ ቀበሮ ለማየትም፣ ሳልዋሽ፣ ከሁሉም የሚቀለው ይኸው ነው። በዓለም ላይ የቀሩት 500 አካባቢ ሲሆኑ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ሳነቴ ላይ መኪና አቁማችሁ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። አንዱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን ቀስሮ፣ እግሩን እየቆጠረ በፍልፈል ጉድጓዶች መካከል ሲሄድ ታያላችሁ። ድንገት ይዘላል። ብዙ ጊዜ ባዶ አፉን ነው የሚመለሰው፤ እሱም እንደኛ ነው። የዚህ መንገድ ችግሩ ራስ ምታቱ ነው። በአንድ ጠዋት 4,000 ሜትር ላይ የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ፎቶ ለማንሳትም አይመቸውም።

ሁለተኛው ከዲንሾ ተነስቶ ሙሉውን ዙሪያ ሄዶ ዲንሾ መመለስ ነው። አምስት ቀን ግድም ይወስዳል። ሦስተኛው፣ የእኔ ምርጫ፣ ከዲንሾ በእግር ተነስቶ፣ ገርባ ጉራቻ አድሮ፣ በሳነቴ በኩል ወጥቶ መኪና ላይ መሳፈር ነው። አንድ ቀን ይቆጥባል፤ ያየነውንም መንገድ ደግመን አንሄድም።

የመንገዱ አካሄድ እንዲህ ነው። ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለበት ከተማ ነው፤ እሱ ራሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አንድ ቀን አትሰስቱ። የመግቢያውን ከፍላችሁ፣ በጋይሳይ ሜዳ ደጋ አጋዘንና ከርከሮ እያያችሁ ዋሉ፤ ሰውነታችሁ አየሩን ይላመዳል። በማግስቱ በፊንጫ ሀበራ በኩል ወደ ዌብ ሸለቆ። ፏፏቴው አጠገብ የዋሻ መጠለያ አለ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት እዚያ ይኖሩ እንደነበር፣ ግዙፉን ፍልፈልም ጠብሰው ይበሉ እንደነበር ገልጸዋል። እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ዳቦ በማርማላታ ስበላ ትንሽ አፈርኩ። ከዚያ ሶዶታ፣ ከይረንሳ፣ ራፉ፣ በመጨረሻም ገርባ ጉራቻ። ራፉ ላይ የእሳተ ገሞራው ድንጋይ እንደ ሰው ቆሞ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ማታ በባትሪ ስታዩት ያስደነግጣል።

አስጎብኚና ፈረስ ከየት? ዲንሾ ያለው የአስጎብኚዎች ማኅበር ሁለቱንም ያገናኛችኋል። እኔ አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአገናኝ ሄጄ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በቀጥታ ዲንሾ ደርሼ ተነጋግሬ አይቻለሁ። አገናኙ ድንኳን፣ ምግብ፣ መኪና ሁሉንም ያዘጋጃል፤ እንቅልፍ አይነሳችሁም። ግን ከምትከፍሉት ገንዘብ ለባለ ፈረሱ የሚደርሰው ስንት እንደሆነ አታውቁም። የእኔ አገናኝ ሦስት ፈረስ ብሎ አስከፍሎኝ ሁለት ነው የጠበቀኝ። ጭነቱ በሁለቱ ላይ ተከመረ፣ ከሰዓት በኋላ አንዱ ወንዝ ሲሻገር ተንበረከከ፣ የእኔ ስሊፒንግ ባግም (የመኝታ ከረጢቴ) ውሃ ጠጣ። በቀጥታ ስትነጋገሩ ግን ስንት ፈረስ፣ ስንት ቀን፣ የባለ ፈረሱ ምግብ በማን እንደሆነና የመልሱ ቀን እንደሚከፈል ወይም እንደማይከፈል እዚያው ትጨርሳላችሁ። የመልሱን ቀን አትርሱ። እናንተ ከሳነቴ በመኪና ስትሄዱ ሰውየው ፈረሱን እየነዳ ቤቱ ለመድረስ ሌላ ቀን ይፈጅበታል።

በዚያች ሌሊት ያዳኑኝ ባለ ፈረሱ ናቸው። ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራቸው። እርጥቡን ስሊፒንግ ባግ አይተው፣ "ልጄ፣ የምትለብሺውንና የምትተኚበትን ሁለት ላስቲክ ሳታለብሺ ፈረስ ላይ አትጫኚ" አሉኝና ብርድ ልብሳቸውን ሰጡኝ። ፈረስ ፈረስ እየሸተትኩ፣ ሞቆኝ አደርኩ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር መጀመሪያ በወፍራም ፌስታል፣ ከዚያ ቦርሳ ውስጥ፣ ከዚያ ማዳበሪያ ውስጥ ነው የሚገባው። ለውሃ መከላከያ ብላችሁ ውድ ቦርሳ አትግዙ። ማዳበሪያው ይበቃል።

ስለ ዕቃ ከተነሳ፣ ገንዘባችሁን ስሊፒንግ ባጉ ላይ አውጡት። ሌሊት ሐይቁ አጠገብ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጠዋት ከድንኳኑ ስወጣ የጫማዬ ክር ቆሞ ነበር፤ እንደ ሽቦ። የላባው ቀላልና ሞቃት ነው፣ ከረጠበ ግን ዋጋ የለውም። ሰው ሠራሹ ከባድ ነው፣ ግን እርጥብም ሆኖ ትንሽ ያሞቃል። ፈረስ ስለሚሸከምላችሁ ሰው ሠራሹን እመክራለሁ። ከሥሩ የሚነጠፍ ስፖንጅ ደግሞ የግድ ነው፤ ብርዱ ከሰማይ ይልቅ ከመሬት ነው የሚመጣው። በአየር የሚነፋው ይመቻል፤ ድንጋዩ ከበሳው ግን ሌሊቱ አለቀ። ጋቢ ያዙ፣ ለድንኳን ውስጥ። ለመንገድ ግን አይሆንም፤ አንድ ጊዜ ዝናብ ከነካው ተሸካሚ ይፈልጋል። ጫማ ቁርጭምጭሚት የሚይዝና ቢያንስ ለአንድ ወር የለበሳችሁት ይሁን። አዲስ ጫማ አድርጎ የመጣ ጓደኛችን ሁለተኛው ቀን ላይ ከአገሬው ሰው የፕላስቲክ ቦት ተውሶ ጨረሰው። የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ኮፍያ አትናቁ፤ ፀሐዩ ሳይሞቃችሁ ነው የሚያቃጥላችሁ።

ምግብ ላይ የሁላችንም ስህተት አንድ ነው፤ ሩዝ። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነ ሩዙ ላዩ ሊጥ፣ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ምስርና ባቄላማ አይሞከርም። የአገሩን ሰው ተከተሉ። ጭኮ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ገብስና ቅቤ ነው፤ አይበላሽም፣ ማብሰል አይፈልግም፣ ሁለት ጉርሻ እስከ ምሳ ያደርሳል። በሶም እንደዚያው። ቆሎ በኪስ። ሮቤ ገበያ ላይ ሁሉም ይገኛል፤ ከአዲስ አበባ ተሸክማችሁ አትምጡ። ለሻይ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ፤ አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍ ቆርጦ ማንደድ ነውር ነው። በአውሮፕላን ወደ ሮቤ የምትሄዱ ከሆነ ግን የጋዙን ጣሳ አያስገቡላችሁም፤ አስቀድማችሁ በመኪና ላኩት።

መቼ? ከኅዳር እስከ የካቲት። ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ግን በጣም የሚበርደው ያኔ ነው። በዝናቡ ወራት ሁሉም ነገር አረንጓዴ፣ መንገዱ ግን ጭቃ ነው፤ ጉሙም ሐይቁን ይደብቀዋል። በበጋም ቢሆን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ከሰዓት በኋላ ደመና ይመጣል፣ አንዳንዴም በረዶ ያዘንባል።

ስለ ጤና ደግሞ፣ የአዲስ አበባ ሰው ከባሕር ዳርቻ ከመጣ ቱሪስት ይሻላል፤ እኛ ድሮውንም 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው የምንኖረው። ግን አትኩራሩ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አታሳድጉ። ራስ ምታት ከያዛችሁ እዚያው እደሩ። ካስመለሳችሁ፣ ካንገዳገዳችሁ ወይም ነገር ከተምታታባችሁ በሌሊትም ቢሆን ውረዱ። "ትንሽ ልረፍና እቀጥላለሁ" የሚባል ነገር የለም።

የመጨረሻው የመኪናው ጉዳይ ነው። ከሳነቴ የሚያነሳችሁን ሾፌር ጎባ ሳላችሁ ወይም ከዲንሾ ሳትወጡ ጨርሱ። ቀኑን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም። እኛ "ሳነቴ ላይ እንገናኝ" ብለን ነበር። ሳነቴ ግን ሰፊ አምባ ነው፤ ሾፌሩ በሪራ መንደር በኩል ባለው ጫፍ፣ እኛ በጎባ በኩል ባለው ጫፍ ሁለት ሰዓት ተጠባበቅን። ስልኩ ሲገባ የመጀመሪያ ቃሉ "እህቴ፣ እኔም ሳነቴ ነኝ" ነበር። አሁን "ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚያስወጣው መታጠፊያ ጋ፣ 8 ሰዓት ላይ" ብዬ ነው የምስማማው።