«ደውዬልሽ ነበር» ለሚል ደንበኛ ምን ይመለሳል?

ጥልፍ ቤት፣ አቶቴ፦
እንደምን አመሻችሁ የሐዋሳ ባለሙያዎች። እስቲ ፍረዱኝ። አንዲት ደንበኛ ለታኅሣሥ ገብርኤል የሚሆን ቀሚስ አዘዘችኝ። ልኳን ወሰድኩ፣ 2,000 ብር ቀብድ ተቀበልኩ። ታኅሣሥ 5 መጥተሽ ትለኪያለሽ አልኳት። ቀረች። ሁለቴ ደወልኩላት፣ አላነሳችም። እኔም ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ።

በ18 ምሽት መጣች። ከተማው በእንግዳ ተጨናንቋል። ቤቴ ውስጥ አምስት ሴቶች ቆመዋል። ገና ከበሩ ላይ «ሦስት ቀን ሙሉ ስደውልልሽ አታነሺም! ቀብዱን ከያዝሽ በኋላ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» ብላ ጮኸች። ስልኬ ከማሽኑ አጠገብ አይለይም። የእሷ አንድም ሚስድ ኮል የለበትም። ላወጣው እጄን ሰደድኩና መልሼ ተውኩት። «ይቅርታ እህቴ» ብዬ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ሰፋሁላት።

ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ሆዴን ይበላኛል። ከአምስቱ አንዷ «እሷ ቤት ስልክ አይነሳም» እያለች እንደምታወራ ሰማሁ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ፊት ለፊት «አልደወልሽም» ማለት ነው ወይስ መዋጥ?

ባለባጃጅ፦
መዋጥ ብሎ ነገር የለም። ስልክሽን አውጥተሽ ታሳያታለሽ፣ በቃ። እኔ ተማሪዎች በኮንትራት አመላልሳለሁ። አንድ ጠዋት በር ላይ 20 ደቂቃ ቆሜ ጠበቅኩ። ማንም አልወጣም። ማታ እናትየው «ልጄ ታማ ነበር፤ እንዳትመጣ ብዬ ከንጋት ጀምሮ ስደውልልህ ነበር» አለችኝ። ነዳጁን ስንት ሰዓት ተሰልፌ እንደቀዳሁት እኔ ነኝ የማውቀው። «እስቲ የደወልሽበትን አሳዪኝ» አልኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። የምታሳየው የላትማ!

እንግዳ ተቀባይ፣ ሐይቅ ዳር፦
ከዚያስ? ኮንትራቱ ቀጠለ?

ባለባጃጅ፦
ለሌላ ሰጠችው። እውነቴን ግን አልሸጥኩም።

ፍሪጅ ጠጋኝ፦
ሃሃሃ! እውነትህን ጭነህ ባዶ ባጃጅ እየነዳህ ነዋ።

ባለባጃጅ፦
ሳቅ። ያቺ ሴትዮ ግን ቀጣዩን ሾፌር ስትዋሽ ሁለቴ ታስባለች።

እንግዳ ተቀባይ፣ ሐይቅ ዳር፦
እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት እንግዳ ተቀብያለሁ። «ደውዬ አስይዣለሁ»፣ «ደውዬ ሰዓት ቀይሬያለሁ»፣ «ደውዬ ሰርዣለሁ» የማልሰማበት ቀን የለም። መጀመሪያ ሰሞን እከራከር ነበር። አንዴ መዝገብ ዘርግቼ «ይኸው፣ ስምዎ የለም» ብዬ አንድ ትልቅ ሰው በሚስታቸው ፊት አሳፈርኩ። ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወጡ። አለቃዬ ምን እንዳለኝ አልነግራችሁም።

አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። «በየትኛው ቁጥር ነበር የደወሉት?» በቃ። ረጋ ብዬ፣ እስክሪብቶ ይዤ። የዋሸው ሰው ወዲያው «ያው በዚያኛው… ባለቤቴ ናት የደወለችው» እያለ ራሱ ያለዝበዋል። እኔም አልገፋውም።

ዋናው ጉዴ ግን ሌላ ነው። ይህን መጠየቅ የጀመርኩ ሰሞን ሦስት ሰዎች በተከታታይ አንድ ዓይነት ቁጥር አነበቡልኝ። ለካስ መንገድ ላይ የቆመው አሮጌ ሰሌዳችን ላይ ከተቋረጠ የቆየ የመስመር ስልክ ተጽፏል! ሰዎቹ እውነታቸውን ነበር። ስንቱን በሆዴ ውሸታም እያልኩ ቁልፍ እንደሰጠሁ እግዜር ይወቀው።

ሞባይል ጠጋኝ፣ ፒያሳ፦
ይሄን ልል ነበር የገባሁት። ስልክሽ ላይ አለመታየቱ አለመደወሉን አያረጋግጥም። ሳፋሪኮም በ2014 መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ከጀመረ ወዲህ የብዙ ሰው ስልክ ውስጥ 09 እና 07 ጎን ለጎን ገብተዋል። ብዙዎቹ ባለሁለት ሲም ስልኮች በአንዱ ሲም እያወራሽ ሌላኛው ሲም ጥሪ አይቀበልም። ደዋዩ «ማግኘት አይቻልም» የሚለውን ይሰማል። አንቺ ጋ ምንም አይመዘገብም። ስልክሽ ሲጠፋም፣ ኔትወርክ የሌለበት ስትገቢም ያው ነው። በገብርኤል ሰሞን ደግሞ ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ቦታ ላይ ሆኖ ሲደውል መስመሩ ይጨናነቃል።

ሌላው፣ ዝርዝሩ ዘላለም አይቆይም። ብዙው አንድሮይድ የሚይዘው 500 ያህል ጥሪ ነው። ከዚያ የድሮው ከታች ይረግፋል። በቀን 40 እና 50 ሰው የሚደውልለት ነጋዴ የሁለት ሳምንቱን ላያገኘው ይችላል።

ባለባጃጅ፦
እሺ እሱ ይሁን። ሦስት ቀን ሙሉ ግን? ሦስት ቀን ሙሉ በሌላ ሲም ስታወራ ነበር?

ሞባይል ጠጋኝ፣ ፒያሳ፦
እሱስ ልክ ነህ። ሦስት ቀን ሲሆን የሲም ጉዳይ አይደለም። አንድ ቁጥር ተሳስታ መዝግባ ከሆነ ግን ዓመት ሙሉም ብትደውል ያው ነው።

ደግሞ ስልክ አውጥቶ ማሳየቱን ቀለል አታድርጉት። ባለፈው አንዱ እዚሁ ግሩፕ ላይ «ይኸው አልደወለም» ብሎ ስክሪንሾት ለጠፈ። የሌሎች አሥራ ምናምን ደንበኞቹ ስምና ቁጥር አብሮ ወጣ። አንዷ «የማይከፍል ፍቅርተኛዋ» ተብላ ነበር የተመዘገበችው። እሱን ውሸታም ለማጋለጥ ሲል የገዛ ደንበኞቹን ገላለጣቸው።

መምህሩ፦
ሁላችሁም ወደ መሣሪያው ሮጣችሁ። የእህታችን ጥያቄ የስልክ አይደለም፣ የስም ነው። ስሟ በአምስት ሰው ፊት ነው የጠፋው። ይቅርታ ማለቷ ደግሞ ክሱን አጸደቀው። እኛ አገር ሰው የሚሰማው «ይቅርታ» የሚለውን ነው፤ በትሕትና ነው ብሎ የሚያስብልሽ የለም። ጥፋተኛ ባትሆን ለምን ይቅርታ ትላለች ይላል።

መልሱ በአማርኛችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። «አልደወልሽም» ስትያት ስለ እሷ ነው የተናገርሽው፤ ውሸታም እንደማለት ነው። «አልደረሰኝም» ስትያት ስለ ራስሽ ስልክ ነው የተናገርሽው። እሱን ደግሞ ማንም ሊከራከርሽ አይችልም። «እህቴ ጥሪሽ አልደረሰኝም። እኔም ሁለቴ ደውዬ አጥቼሽ ነበር። በይ አሁን ግቢና እንለካ።» ድምፅሽን አምስቱም እንዲሰሙት አድርገሽ። ይቅርታ የለበትም፣ ስድብም የለበትም።

ባለባጃጅ፦
መምህር፣ ሲያወሩት ቀላል ነው። እስከ ሌሊት 7 ሰዓት የሚያስመሽ ሥራ ይዞ የመጣ ሰው ሲጮኽብሽ ያን ሁሉ ቃል ማን ይመርጣል?

መምህሩ፦
እሱማ እኔም ክፍል ውስጥ አይሳካልኝም።

የቀድሞ የቴሌ ሠራተኛ፦
ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ እስክወጣ በቴሌ ነው ያረጀሁት። ኦፕሬተር በነበርኩ ጊዜ ከአዋሳ አዲስ አበባ ለመደወል እኛን ነበር የምትጠይቁት። ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ የተወራበትን ደቂቃ ወረቀት ላይ እንጽፋለን፤ ሂሳቡም በዚያ ነው። ሰውዬው ካልተገኘ «አልተገኘም» ብለን እንነግራለን። ያን ጊዜ «ደውዬ ነበር» ያለ ሰው ምስክሩ እኛ ነበርን። ሞባይል በ1991 ሲገባ ሁሉም በእጁ ያለ ስለሆነ ይህ ጭቅጭቅ ይቀራል ብለን ነበር። ባሰበት።

የሞባይል ጠጋኙ ልጅ ያለው እውነት ነው። በ1998 መስከረም ቁጥሮች ወደ 10 አሃዝ አድገው 046 ሲመጣ ስንቱ በድሮው ቁጥር እየደወለ «ንቆኝ ነው የማያነሳው» ብሎ ተቀያየመ መሰላችሁ! አማችና አማት ያስታረቅኩበት ጊዜ አለ።

ባለባጃጅ፦
ጋሼ እርስዎ አሁን በሥራ ላይ ቢሆኑ ኖሮ እናትየዋን ይዣት ነበር።

የዕድር ጸሐፊ፦
ይህ ነገር የእናንተ የነጋዴዎቹ ብቻ አይደለም። ዕድራችን ጥሩምባ ነፊ በነበረው ጊዜ «አልሰማሁም» የሚል አልነበረም። ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚሰማው። አሁን በስልክ ሆነ። ኮሚቴው «ደውዬለታለሁ» ይላል፣ አባሉ «አልደወለም» ይላል። ቀብር የቀረ 100 ብር ይቀጣል፣ ስለዚህ ነገሩ ይከራል። ባለፈው ሁለት የቆዩ ጎረቤታሞች ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስልክ ለስልክ ተፋጠጡ። አስከሬኑ ገና ከቤት አልወጣም!

በጠቅላላ ጉባኤ ወሰንን። ከእንግዲህ «ደወልኩ» የሚባል አይቆጠርም። የጽሑፍ መልእክት ከተላከ ይቆጠራል።

መምህሩ፦
ማንበብ የማይችሉት እናቶችስ ጋሼ?

የዕድር ጸሐፊ፦
እሱ ላይ ነው የተጣላነው። ለእነሱ በእግር ሄዶ የሚነግር ልጅ መደብን። ልጁ ደግሞ «ሄጄ ነበር፣ በር ዝግ ነው» ማለት ጀመረ።

ፍሪጅ ጠጋኝ፦
ሃሃሃ ጋሼ፣ ሳቅ ገደለኝ።

እኔ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ከላይ ጀምሮ ደንበኛውን ስናማ አላስችል አለኝ። እውነቱን እንነጋገር፣ ይህን ውሸት ከደንበኛ ይልቅ የምንዋሸው እኛ ባለሙያዎቹ አይደለንም እንዴ? ኮምፕረሰሩ አልተገኘም፣ ወይ ሌላ ሥራ ይዤ ረስቼዋለሁ። ደንበኛው በራሱ እግር ሲመጣ «ትናንት ደውዬ አጣሁህ» እለዋለሁ። በቀን ሁለቴም የምልበት ጊዜ አለ። አናጺውም፣ ብረት ሠሪውም፣ ልብስ ሰፊውም እንዲሁ ነው። ደንበኛው ስልኩን አውጥቶ «የታል?» ቢለኝ ምን እንደምሆን አላውቅም። ደግነቱ እስከ ዛሬ ማንም አላለኝም። ሰዎቹ አላወቁም ማለት አይደለም። ፊታቸው ላይ አየዋለሁ። ዝም ብለው «መቼ ልምጣ?» ነው የሚሉት።

ባለባጃጅ፦
ለዚህ ነዋ የማታቆመው!

ፍሪጅ ጠጋኝ፦
ወይ ጉድ፣ በገዛ አፌ ገባሁ።

እንግዳ ተቀባይ፣ ሐይቅ ዳር፦
የእኔ ፍሪጅ አንተ ጋ ስንት ሳምንቱ ነው ለመሆኑ?

ፍሪጅ ጠጋኝ፦
ደውዬልሽ ነበር እኮ።

ጥልፍ ቤት፣ አቶቴ፦
ሁላችሁንም አንብቤያለሁ፣ ተባረኩ። ዛሬ ያቺው ልጅ መጣች። ለቀሚሱ መቀነት ፈልጋ። ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። የእንግዳ ተቀባይዋን ጥያቄ ያዝኩ። «ያን ሰሞን በየትኛው ቁጥር ነበር የደወልሽልኝ? ስልኬ ጥሪ እየበላ እንደሆነ ላሠራው ብዬ ነው» አልኳት። ሞባይል ጠጋኙ እንዳለው ቁጥሩ ተሳስቶ ከሆነም አርመዋለሁ ብዬ።

ቁጥሬን አወጣች። ልክ ነው። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እውነቱን ልንገርሽ፣ አልደወልኩም» አለች። ቀሪው 4,000 ብር አልሞላ ብሏት ነው። ለመለካት ብመጣ ክፈይ ትለኛለች፣ ስትደውል ባነሳ ክፈይ ትለኛለች ብላ ፈራች። በ18 ከእህቷ ተበድራ መጣች። በሩ ላይ ያን ሁሉ ሴት ስታይ ወረፋ የማይደርሳት መሰላት። እኔ ከመጮኼ በፊት ጮኸች፣ በቃ። እኔ እኮ በሁለት ጊዜ ክፈይ ብትለኝ እምቢ አልላትም ነበር። የዚያን ምሽት ስልኬን አውጥቼ ባፋጥጣት ይህን የምትነግረኝ አይመስለኝም።

ከዛሬ ጀምሮ ቀብድ ስቀበል ሰውየው እዚያው ቆሞ ስልኬ ላይ እንዲደውልልኝ አደርጋለሁ። ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ሁለታችንም እናያለን። ቀሪው በሁለት ጊዜ ሊከፈል እንደሚችልም ደረሰኙ ላይ እጽፋለሁ።

ሞባይል ጠጋኝ፣ ፒያሳ፦
እዚያው ማስደወሉ ጥሩ ነው። ሁለቱንም ሲም ግን አትርሺ።

ባለባጃጅ፦
ብር ማጣት ነውር አይደለም፣ በእኔም ደርሷል። ግን እህቴ፣ የነገረችሽ ለብቻሽ ነው። ስምሽን ያጠፋችው በአምስት ሰው ፊት ነው። አምስቱ አሁንም «ስልክ አታነሳም» እያሉ ነው። ለእነሱ ማን ይንገርልሽ? ራሷ ትንገርልሽ አላልሻትም?

ጥልፍ ቤት፣ አቶቴ፦
እሱን አላልኳትም።

መምህሩ፦
ለምን?

ጥልፍ ቤት፣ አቶቴ፦
መቀነቱን እያሰረች አለቀሰች። ከዚያ በኋላ እንዴት ልበላት?